ለንደን አታፈርስም ያለው ማን ነው?

ፒያሳ መፍረስ በጀመረችበት በ2016 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ክርክር ነበር። ክርክር ከተባለ ነው እንጂ ተቃዋሚ እንኳ አልነበረውም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በክርስትና ድግስ፣ ቡና በተፈላበት ቤት፣ አንዱ ጀምሮ ሌላው የሚጨርሰው ነገር ነበር፦ «ፈረንጅ ቅርሱን አያፈርስም፣ እኛ ግን…»። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ኬንሲንግተን ውስጥ ሮያል አልበርት ሆል ከ1871 ጀምሮ እንደ ቆመ ነው (የለንደኑን ዓመት በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባውን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በየበጋው ፕሮምስ የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ለስምንት ሳምንት ያህል እዚያው ጉልላት ሥር ይካሄዳል። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ቆሞ ያዳምጣል፣ ቅድመ አያቱ ያደረጉትን ያደርጋል። ከዚህ ተነሥተን የምንደርስበት ፍርድ አጭር ነው፦ ግንቡን ያከበረ ሕዝብ ጥበቡን ጠበቀ፣ እኛ ደግሞ ሲፈጥረን አፍራሾች ነን።

ይህን አስተያየት የምቃወመው የአዲስ አበባን ግሬደር ለመከላከል አይደለም። አስተያየቱ በመጀመሪያ እውነት አይደለም። ሁለተኛው ጥፋቱ ይብሳል፦ ቴአትር ቤት ለማዳን የሚፈልገውን ሰው የተሳሳተ ነገር እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ጉዳዩን የጠባይ ጉዳይ ካደረግነው፣ ፈረንጅ ሲፈጠር ጠባቂ እኛ ስንፈጠር አፍራሽ ከሆንን፣ ከልቅሶ በቀር የሚሠራ ነገር አይኖርም።

እስቲ ከራሱ ከማስረጃው እንጀምር። ፕሮምስ የተወለደው አልበርት ሆል ውስጥ አይደለም። ኦገስት 10 ቀን 1895 ላንገም ፕሌስ ላይ በነበረው ኩዊንስ ሆል ነው የተጀመረው። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ኒውማን ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ከባድ ሙዚቃ ያልለመደውን ሰው በርካሽ አስገብቶ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጆሮውን ማስለመድ። ገንዘቡን ያወጡት ጆርጅ ካትካርት የሚባሉ የጉሮሮ ሐኪም ናቸው። ሐኪሙ ያለ ምክንያት አልሰጡም። በጊዜው ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበረ የዘፋኞችን ጉሮሮ ይጎዳል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ቅኝቱ ዝቅ እንዲል፣ መሪውም ሄንሪ ዉድ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ዉድ ያን ጊዜ ዕድሜው 26 ነበር። ቆሞ ለሚሰማ ሰው መግቢያው አንድ ሽልንግ ሆነ። መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስም ይቻል ነበር። ዛሬ በአክብሮት አፋችንን ይዘን የምናየው «ጥንታዊ ሥርዓት» አጀማመሩ ይኸው ነው፣ ጭስ የሞላበት አዳራሽና የአንድ ሽልንግ ትኬት።

ኩዊንስ ሆል በድምፅ ጥራቱ የተወደደ አዳራሽ ነበር። በሜይ 1941 አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኮንሰርት ተካሄደበት፣ ሌሊቱን የጀርመን ቦምብ አቃጠለው። ጠዋት የቀረው ግድግዳና ዐመድ ነበር። እኛ «ታሪካዊ ቤቱ ከሄደ ጥበቡም ሄደ» በምንለው ስሌት ፕሮምስ የዚያን ዕለት ማለቅ ነበረበት። ግን ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በጁላይ ፌስቲቫሉ አልበርት ሆል ውስጥ ተከፈተ። በ1944 በራሪ ቦምብ ለንደንን ሲያስጨንቃት ደግሞ ዝግጅቱ ከከተማው ወጥቶ በቤድፎርድ ከተማ እህል መሸጫ ከነበረ አዳራሽ በቢቢሲ ሬዲዮ ተላለፈ። ዉድ የሞተው በዚያው ዓመት በኦገስት ነው።

አልበርት ሆል በዚያን ጊዜ የተሻለ ቤት እንዳይመስላችሁ። ከተከፈተ ጀምሮ በገደል ማሚቶው ይታማ ነበር፣ እዚያ የተጫወተ ሙዚቀኛ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ዛሬ ከጣሪያው ተንጠልጥለው የምናያቸው ክብ ክብ ነገሮች ጌጥ አይደሉም። በ1969 ያን ማሚቶ ለማስተንፈስ የተሰቀሉ ናቸው። ኩዊንስ ሆል መልሶ አልተሠራም፣ ቦታው ላይ ሆቴልና ቢሮ ተሠራበት። እንግዲህ የነበረውን በቅደም ተከተል እንየው። የተሻለው አዳራሽ ተቃጠለ፣ ባዶ ቦታው ለሌላ ሥራ ዋለ፣ ፌስቲቫሉ ድምፅ ወደሚያስተጋባ ቤት ገባ፣ ከዚያም ከ80 ዓመት በላይ ኖረ። ከዐመዱ የተረፈው የሄንሪ ዉድ ነሐስ ሐውልት በየዓመቱ በፌስቲቫሉ ወራት አልበርት ሆል ውስጥ ከኦርጋኑ ፊት ይቀመጣል። ከድሮው ቤት በዓይን የሚታይ ያመጡት ያንን ነው።

በዓይን የማይታይ ነገርም አምጥተዋል፣ የኔ ክርክር በሙሉ እሱ ላይ ነው። ቆሞ መስማት አልቀረም፣ ርካሹ ትኬትም አልቀረም። ቢቢሲ ከ1927 ጀምሮ ፌስቲቫሉን ሲይዝ ያንን ልማድ እንደ ዕዳ ተረክቦታል። በቅርብ ዓመታት ዋጋው 8 ፓውንድ ነው። ለንደን ውስጥ ለሁለት ሰው ሳንድዊችና ቡና በማይገዛ ገንዘብ በዓለም ስመ ጥር የሆነ ኦርኬስትራ ትሰማለህ። የምትቆመውም ጥግ ይዘህ አይደለም፣ ከመድረኩ ሥር ነው። ባለ 8 ፓውንዱ ተማሪ የኦርኬስትራው መሪ ሲያልበው ያያል፣ ብዙ የከፈለው ሰው ከሩቅ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሁለቱንም ጀርባ ያያል።

ሕንፃው ራሱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ደግሞ ከአድናቂዎቹ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሲሠራ ገንዘብ ስላጠረ ወንበሮቹ እያንዳንዳቸው በ100 ፓውንድ ለ999 ዓመት ተሸጡ። ዛሬም ከአምስት ሺህ በላይ ከሆኑት ቦታዎች ከ1,200 የሚበልጡት የግል ንብረት ናቸው፣ ይወረሳሉ፣ ይሸጣሉ። ባለ ወንበሮቹ አዳራሹን በሚያስተዳድረው ምክር ቤት ብዙውን ድምፅ ይይዛሉ። ለፕሮምስ የመጨረሻ ምሽት የሚደርሳቸውን ትኬት አንዳንዶቹ በብዙ እጥፍ መሸጣቸው ለዓመታት አነጋግሯል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም የጥቅም ግጭት አለ ብሎ ሲከራከር ቆይቷል። አልበርት ሆልን ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ጠባቂ እንደ ምሳሌ የምናቀርብለት ከሆነ ይህንንም አብረን እንንገረው። ቤቱ ራሱ ለባለ ወንበር የተሠራ ቤት ነው። የሕዝብ ያደረገው ወለሉ ላይ ቆሞ የሚሰማው ሰው ነው።

አሁን ወደ «ፈረንጅ አያፈርስም» ልምጣ። ሴንት ጄምስ ቴአትር በ1835 የተሠራ፣ ኦስካር ዋይልድ በ1895 እጅግ የታወቀ ኮሜዲውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየበት ቤት ነበር። በ1957 ለቢሮ ሕንፃ እንዲፈርስ ተወሰነ። ተዋናይት ቪቪየን ሊ ሰልፍ መራች፣ አልበቃ ብሏት የጌቶች ምክር ቤት ውስጥ ከተመልካች መቀመጫ ተነሥታ ጮኸች፣ በዘበኛ ተሸኝታ ወጣች። ምክር ቤቱ እንኳ አይፍረስ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ፈረሰ። በ1989 ደግሞ በቴምዝ ደቡብ ዳርቻ ለቢሮ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ሮዝ የሚባለው በ1587 የተሠራ ቴአትር መሠረቱ ተገኘ፣ በሼክስፒር ዘመን የነበረ መድረክ ማለት ነው። ተዋንያን ሌሊት ከሕዝብ ጋር ሆነው የጭነት መኪና መንገድ ዘጉ። መንግሥት ግን ቦታው በሕግ እንዲጠበቅ በዚያን ጊዜ አልፈቀደም። ቢሮው ዲዛይኑ ተለውጦ ከላዩ ተሠራ፣ የቴአትሩ ፍርስራሽ ከሥር ቀረ። የቅርቡን ከፈለጋችሁ፣ የከተማው ከንቲባ ያቋቋመው ግብረ ኃይል እንደቆጠረው ከ2007 እስከ 2015 የለንደን አነስተኛ የሙዚቃ ቤቶች ከ136 ወደ 88 ወርደዋል። ቦምብ አልወደቀባቸውም። ኪራይ ጨመረ፣ አጠገባቸው አፓርትመንት ተሠራ፣ አዲሱ ነዋሪ ስለ ጩኸቱ ከሰሰ።

እንግሊዝን ከእኛ የለያት ከመፍረሱ በኋላ ያደረገችው ነው። የሴንት ጄምስ ልቅሶ ልቅሶ ሆኖ አልቀረም፣ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት በመሃል ከተማው ምትኩ ሳይታቀድ ቴአትር እንዳይፈርስ የሚል አቋም ያዘ። በ1976 ቴአትርስ ትረስት የሚባል አካል በሕግ ተቋቋመ፣ ቴአትር ያለበትን መሬት የሚነካ ማናቸውም የግንባታ ማመልከቻ ለእሱ ሳይቀርብ እንዳይወሰን ተደረገ። የሙዚቃ ቤቶቹ ማለቅ ደግሞ ሌላ ደንብ አስከተለ፦ ከቆየ የሙዚቃ ቤት ጎን አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድምፅ መከላከያውን በራሱ ወጪ ያሠራል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ፍቅርም ጠባይም የሚባል ነገር አይታየኝም። የሚታየኝ ቁጭት ወደ አንቀጽ ሲለወጥ ነው።

ሕንፃ ቢጠበቅስ? ለንደን ለዚህም ምሳሌ አላት፣ መጥፎ ምሳሌ። በ1962 የተጀመረ የሲቲ ኦፍ ለንደን ፌስቲቫል የሚባል ነበር። እንደሱ ያለ ታሪካዊ አዳራሽ የታደለ ፌስቲቫል አላውቅም፦ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፣ ጊልድሆል፣ በተራ ቀን ለተራ ሰው የማይከፈቱ የጥንት የነጋዴ ማኅበራት አዳራሾች። ከ50 ዓመት በኋላ ፌስቲቫሉ ቆመ። ካቴድራሉ አለ፣ ጊልድሆል አለ፣ የነጋዴዎቹ አዳራሾች ሻማ መቅረዛቸው ሳይቀር አለ። በሌላ በኩል ሊፍት የሚባለው የለንደን ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል በ1981 ሁለት ወጣት ሴቶች ሲጀምሩት ራሱ ቤት አልነበረውም፣ በሰው ቤት እየተዘዋወረ አርባ ዓመት ተሻገረ። ፕሮምስም ቢሆን በ2016 ፔካም ውስጥ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ገብቶ ኮንሰርት አድርጓል፣ ባቡሩ በጎን እያለፈ።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የኮቨንት ጋርደኑ ነው፣ ምክንያቱም ከፊል የእኛም ነበረ። ኪንግ ስትሪት ቁጥር 38 አፍሪካ ሴንተር ይባል ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኩል ለአፍሪካ ሕዝብ ለዘለዓለም ተብሎ የተሰጠ ቤት ነው፣ በ1964 የከፈቱት የዛምቢያው ኬኔት ካውንዳ ናቸው። ከአፓርታይድ የሸሸ ደቡብ አፍሪካዊ እዚያ ተሰብስቧል፣ ጸሐፊ መጽሐፉን አንብቧል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የአፍሪካ ምግብ ይሸጥ ነበር። በ1980ዎቹ ሶል ቱ ሶል የሚባለው የእነ ጃዚ ቢ ቡድን የእሑድ ምሽት ጭፈራውን ያደረገው እዚያ ነው፣ በኋላ ዓለም የሰማው ድምፅ የተቀመረው በዚያ ወለል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2012 ቤቱ አካባቢውን ጠቅልሎ ለያዘ የሪል እስቴት ኩባንያ ተሸጠ። ዴዝሞንድ ቱቱ ሳይቀሩ ተቃወሙ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ አልሆነም። ማዕከሉ በ2022 በወንዙ ማዶ ሳውዝዋርክ ውስጥ አዲስ ቤት ከፍቷል፣ ይበርታ። የኪንግ ስትሪቱ ቤት ግን ሄዶ ማየት ነው። አልፈረሰም! የቤቱ ፊት በወጉ ተጠብቋል። «ፈረንጅ ቅርሱን አያፈርስም» ለሚለው ወገኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝለትም። ግንቡ በክብር ቆሟል፣ አፍሪካ ብቻ የለችበትም።

«ታዲያ አሮጌ ቤት ቢፈርስ ምንም አይደለም ልትል ነው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አይደለም። አሮጌ ቤት ያስፈልጋል፣ ግን እኛ በምናስበው ምክንያት አይደለም። በምሥራቅ ለንደን ግሬስስ አሊ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ዊልተንስ ሙዚክ ሆል አለ፣ ጆን ዊልተን የሚባል መጠጥ ቤት ያለው ሰው በ1859 ያሠራው። በዓለም ላይ ከቀሩት የዘመኑ ትልልቅ የሙዚቃ አዳራሾች ቀዳሚው እሱ ነው ይባላል። ያዳነው ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ሙዚቃው ከ25 ዓመት በታች ነው የቆየው። በ1888 የሜቶዲስት ሰባኪዎች ገዙት፣ በ1889 የወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ የተራበውን አድማኛ አበሉበት። ሰባኪዎቹ በ1956 ሲወጡ የጨርቅ ቅዳጅ መለያ መጋዘን ሆነ። በ1960ዎቹ ሰፈሩ በሙሉ እንዲፈርስ ሲታቀድ ባለቅኔው ጆን ቤትጀማንና ሌሎች ተሟገቱለት፣ ተረፈ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ሲያፈስ ኖረ፣ ጥገናው በወጉ ያለቀው በ2015 ነው። ዛሬ ግድግዳው አልተለሰነም፣ ቀለሙ እንደ ተላጠ ነው፣ ሆን ተብሎ። ሰባኪ፣ አድማኛና ጨርቅ ለቃሚ ተፈራርቀው ባይኖሩበት ኖሮ ቤትጀማን የሚሟገትለት ነገር ባላገኘ ነበር።

አሮጌ ቤት ዕዳው የተከፈለ ቤት ነው። ጥቅሙ ይህ ነው፣ ውበቱ ምርቃት ነው። በባንክ ብድር የተሠራ ባለ መስታወት «የባህል ማዕከል» ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ ይጠይቃል። ወለዱን ለመክፈል አዳራሹን ለሠርግና ለኩባንያ ጉባኤ ያከራያል፣ ለጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት የሚተርፈው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። የተከፈለ ቤት ግን ሞክሮ የወደቀን ተውኔት ይችላል። አሮጌውን ስናፈርስ የምናጣው ይህንን አቅም ነውና፣ ተከራካሪው ይህንን ቢል ግሬደሩ ፊት የሚቆምበት ነገር ያገኛል። «ታሪካችን ነው» ካለ ግን ከንቲባው የተሻለ ታሪክ ሊሠራለት ይችላል፣ ፏፏቴና መብራት ያለበት።

በአዲስ አበባ የሆነውን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ የጀመረው ነው፣ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተከፈተ። ወራሪ የጀመረውን ግንብ የእኛ ያደረገው ሕዝብ ትኬት ቆርጦ መግባቱ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር እንጂ ሕንፃ አልነበረም፣ ወረራው ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተሰበሰበ ማኅበር። ካዛንቺስ ስትፈርስ ደግሞ የእነ መላኩ በላይ አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃ፣ ቦታውን ለቀቀ፣ አዝማሪውም እስክስታውም ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ገባ። ብዙ ሰው ለግድግዳው አለቀሰ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ የካዛንቺስ ሰው በቢራ ዋጋ ገብቶ ጥግ ላይ ይቆም ነበር። በሆቴል ጥበቃና በሆቴል ዋጋ ያ ሰው ይገባል? ካልገባ፣ አዝማሪ ግጥም የሚቀበለው ከማን ነው? ከቱሪስት?

ለዚህ ነው ከለንደን ፊርማ እያሰባሰብን የምንልከው ደብዳቤ ሁሉ ከንቱ የሚመስለኝ። «ቅርሳችን ይጠበቅ» ይላል፣ የሚመለስለት መልስም «ይጠበቃል» ነው፣ ፊቱ ተጠብቆ ውስጡ ባንክ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የባለቤትነት ካርታውን ይጠይቅ። የቴአትር ቤቱ ይዞታ በማን ስም ነው? አንድ ቴአትር ሳይፈርስ ምትኩ የትና መቼ እንደሚሠራ በጽሑፍ የሚያስገድድ ደንብ አለ ወይ? ባለሙያዎቹ ሳይጠየቁ ፈቃድ ይሰጣል? በአዲሱ ቤት ከወንበሮቹ ወይም ከወለሉ ስንቱ ለቀን ሠራተኛ በሚችለው ዋጋ ይቀመጣል? እኛም እዚሁ ራሳችንን መጠየቅ አይጎዳንም። ለንደን ውስጥ ስንት ዓመት ኖረን፣ ለእንቁጣጣሽ ኮንሰርት አሁንም አዳራሽ የምንከራየው ከሰው ነው፣ ዘፋኙ መድረክ ላይ የሚወጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው፣ በዚያ ላይ በአልበርት ሆል ለመቆም ከሚያስፈልገው አራት አምስት እጥፍ እንከፍላለን። ሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የተማረው በዚህ ከተማ ነው። ዛሬ የሱን ሥራ የሚያጠና ሐበሻ ልጅ በቋሚነት የሚጫወትበት አንድ የእኛ ወለል የለም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፣ ከሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። የፕሮምስ 8 ፓውንድ የእውነት ዋጋው አይደለም። ልዩነቱን የሚሸፍነው በቀጥታ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ በየዓመቱ ለቢቢሲ የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ነው። ሀብታም አገር ይችለዋል፣ እኛስ? እኛም እየከፈልን ነው። ለአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት መብራት፣ ለእግረኛው መንገድ ንጣፍ፣ ለፏፏቴው የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ ተቆርጦ በየመድረኩ ለቆሞ ተመልካች የሚሆን ትኬት መደጎም ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው የበጀት ጥያቄ ነው፣ መልሱም በቁጥር ይሰጥ።